የአውስትራሊያ የዶክትሬት ስኮላርሺፕ፦ ገንዘቡ የመንግሥት፣ ምርጫው የዩኒቨርሲቲው

ጥያቄ፦ በአማራ ክልል በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ መምህር ነኝ። ማስተርሴን በ3.74 ጨርሻለሁ፤ ጥናቴ በአሲዳማ አፈርና በኖራ አጠቃቀም ላይ ነበር። በሁለተኛ ጸሐፊነት አንድ የታተመ ጽሑፍ አለኝ። ለአውስትራሊያ መንግሥት የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ማመልከት ፈልጌ ኤምባሲው ገጽ ላይ ቅጽ ብፈልግ አጣሁ። የሚቀድመው ሱፐርቫይዘር (ጥናቱን የሚመራ አማካሪ መምህር) ማግኘት ነው ወይስ ማመልከት? ባለትዳርና የአንድ ሕፃን አባት ስለሆንኩ ቤተሰቤን ይዤ መሄድ እችል እንደሆነም ንገሩኝ።

መልስ፦ ኤምባሲው ገጽ ላይ ቅጹን ያጡት እዚያ ስለሌለ ነው። ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አውስትራሊያ አዋርድስ የሚባለው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በኩል የሚመጣ ሲሆን ለአፍሪካ አመልካቾች በዋናነት የማስተርስና የአጫጭር ስልጠና ዕድል ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የዶክትሬት ገንዘብ ሪሰርች ትሬይኒንግ ፕሮግራም፣ በአጭሩ አርቲፒ፣ ይባላል። ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ የቀድሞዎቹን የተለያዩ የምርምር ስኮላርሺፖች ጠቅልሎ የተካ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የትምህርት ሚኒስቴራቸው በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በጅምላ በጀት ይመድባል፤ ማን ይውሰድ የሚለውን የሚወስነው ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ስለዚህ ለመንግሥት የሚጻፍ ማመልከቻ የለም። የሚያመለክቱት ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ አብዛኞቹም የመግቢያውንና የስኮላርሺፑን ጥያቄ በአንድ ቅጽ ይቀበላሉ። ቅጹ ውስጥ «ለስኮላርሺፕ መወዳደር እፈልጋለሁ» የምትለዋን ሳጥን ሳይነኩ የሚያልፉ አሉ። እነሱ መግቢያ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ገንዘብ ግን አያገኙም።

አንድ ሕግ ከወዲሁ ይወቁ። ዩኒቨርሲቲዎች ከዓመታዊ የአርቲፒ ገንዘባቸው ለውጭ አገር ተማሪዎች ማዋል የሚችሉት ከ10 በመቶ ያልበለጠውን ነው። የዜጎቻቸውና የቋሚ ነዋሪዎች ውድድር ሌላ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ በጣም የጠበበው ነው። (ሜልበርን ወይም ፐርዝ ቋሚ መኖሪያ ይዘው ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ገደብ አይመለከታቸውም። እንደ አገሬው ተማሪ ስለሚቆጠሩ የሚያመለክቱበት ዙርም የተለየ ነው፤ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ በውጭ አገር ተማሪ ቅጽ ይገባሉ።) ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገንዘብ ጨምረው ለውጭ አመልካቾች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እንዲያም ሆኖ ማመልከቻዎች በነጥብ ይደረደራሉ፤ መስመሩ ከተሰመረበት በታች ያለው፣ ጎበዝ ቢሆንም፣ ይቀራል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ሱፐርቫይዘር ይቀድማል የሚል ነው፤ ያውም በወራት። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመምህሩ የጽሑፍ ድጋፍ ሳይኖር ቅጹ አይሟላም። እንደ ሞናሽ ባሉት ደግሞ መጀመሪያ የፍላጎት መግለጫ ይገባል፤ ፋኩልቲው ካመነበት «አመልክት» የሚል ግብዣ ይልካል፤ ያለ ግብዣው ዋናው ቅጽ ዋጋ የለውም። ከዚህ በላይ ግን ሱፐርቫይዘሩ በምርጫው ስብሰባ የሚሟገትልዎ ሰው ነው። ሁለት ተመሳሳይ ፋይሎች ሲቀርቡ «ይህን ሰው እፈልገዋለሁ፤ ላቦራቶሪዬ ውስጥ ቦታ አለው፤ የመስክ ወጪውን ከፕሮጀክቴ እችላለሁ» የተባለለት ያልፋል።

ከ3.74 እና ከአንዷ ጽሑፍ አንጻር ዕድልዎ ምን ያህል ነው? በእኔ ግምት ስምንቱ ታላላቅ በሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አጠቃላይ ውድድር ውስጥ አሁን ባለው ፋይል ይከብድዎታል። ነጥብዎ ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው በአንደኛ ጸሐፊነት የወጣ ሥራ ነው። ማስተርስ ጥናትዎን ወደ አንድ ጽሑፍ ቀይረው በታወቀ መጽሔት ቢያስገቡ ከየትኛውም ሌላ ዝግጅት የበለጠ ያነሳዎታል። በግምገማ ላይ ያለ ጽሑፍ ብዙም አይቆጠርም፤ ተቀባይነት ያገኘ ግን የመጽሔቱ ደብዳቤ ከተያያዘ ይቆጠራል። ገንዘብ ከፍለው በሁለት ሳምንት የሚያትሙ መጽሔቶችን ፈጽሞ አይንኩ። ገምጋሚዎቹ ስማቸውን ያውቋቸዋል፤ ነጥብ መንፈጋቸው ሳያንስ ፋይሉን በጥርጣሬ ያስነብባሉ። ሌላው መንገድ በስም ለተለየ ፕሮጀክት የተቀመጡ ስኮላርሺፖች ናቸው። መምህሩ የምርምር ገንዘብ አግኝቶ፣ ርዕሱን ራሱ ወስኖ፣ ዩኒቨርሲቲው ለዚያ ፕሮጀክት ቦታ ይለይለታል። እዚያ የሚታየው የሙያ መግጠም ስለሆነ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ከአጠቃላዩ ዙር ይሻላል።

በመስክዎ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። የምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ቀበቶ በአፈር አሲዳማነት ክፉኛ የተጠቃ ነው። እዚያ ያለው ችግር ከጎጃም ደጋ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው፦ ኖራ ከላይ ሲበተን ወደ ታች የሚወርደው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ የላይኛው አፈር ሲሻሻል ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ማሰሩን ይቀጥላል። ስለዚህ የዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲንና ሙርዶክን የመሰሉ፣ ፐርዝ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን መምህራን ገጽ አንድ በአንድ ይመልከቱ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን አሳተሙ? አሁን የሚያማክሩት ተማሪ አላቸው? ጡረታ የደረሰ ዝነኛ ፕሮፌሰር ከሚመርጡ በመካከለኛ ደረጃ ያለ፣ አዲስ ፕሮጀክት የያዘ መምህር ይምረጡ።

ኢሜይሉ ላይ ጊዜ ይስጡ፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «በእርስዎ ሥር መማር የዘወትር ሕልሜ ነው፤ ሲቪዬን አያይዣለሁ» የሚል መልእክት በሳምንት ብዙ ይደርሳቸዋል፤ ሳይነበብ ይጠፋል። የሚነበበው የጋራ ጥያቄን በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በማስተርስ ጥናቴ ፒኤቹ በውሃ ሲለካ ከ5 በታች በሆነ ማሳ ላይ ኖራን በመስመርና በብተና አወዳድሬያለሁ፤ የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ተሻሽሏል፣ ከሥሩ ያለው አልተለወጠም። እናንተ ኖራን በጥልቅ እርሻ ወደ ታች በማስገባት የሠራችሁት ሥራ በሸክላማ ደጋ አፈር ላይ ይሠራ እንደሆነ መፈተሽ እፈልጋለሁ።» እዚህ ላይ «በውሃ ሲለካ» የምትለውን አይዝለሏት። አውስትራሊያውያን ፒኤችን (የአፈር አሲዳማነት መለኪያውን) በአብዛኛው የሚለኩት በካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ በውሃ የተለካው ከዚያ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ከፍ ብሎ ይታያል። ዘዴውን ሳይጠቅሱ ቁጥር ብቻ ከጻፉ የመስኩ ሰው ወዲያው ያስተውለዋል፤ ከጠቀሱ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆንዎን ያለ ማስረጃ ያምናል። ኢሜይሉ በጠቅላላው ከ200 ቃል አይለፍ። ነጥብዎን፣ የጽሑፍዎን ርዕስና መጀመር የሚፈልጉበትን ወር ያስገቡ፤ ሁለት ገጽ ሲቪ ያያይዙ። እሑድ ማታ ከላኩት ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ያገኙታል። አሥር ቀን ጠብቀው አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ይለፉ። በአንድ ዲፓርትመንት ላሉ ሦስት መምህራን በአንድ ጊዜ መላክ ነውር ሆኖ ይታያል፤ ምሳ ላይ ሲያወሩ ይደርሱበታል።

ፕሮፖዛሉን የዩኒቨርሲቲው መመሪያ በፈቀደው ርዝመት ይጻፉት፤ ብዙዎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ገጽ ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ የተለመደው ስለ ኢትዮጵያ ግብርና ጀርባ አምስት ገጽ ጽፎ ዘዴውን በአንድ አንቀጽ መጨረስ ነው፤ እዚያ ይህ ተገላቢጦሽ ነው። ጥያቄው በመጀመሪያው አንቀጽ ይታይ። የተቀረው ምን እንደሚለካ፣ ስንት ማሳ ወይም ስንት ናሙና እንደሆነ፣ በየትኛው ዓመት ምን እንደሚጠናቀቅ ይናገር። አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርዎትን ልንገርዎ። የመስክ ሥራውን በሙሉ አማራ ክልል ላይ ካደረጉት ፕሮፖዛሉ በደህንነት ጉዳይ ሊወድቅ ይችላል። የአውስትራሊያ መንግሥት የጉዞ ምክር «አትጓዙ» ባለበት አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን የመስክ ጉዞ በቀላሉ አያጸድቁም፤ አገርዎ መሆኑም ደንቡን አያላላውም፣ ምክንያቱም ኢንሹራንሱ የሚመለከተው ተማሪነትዎን ነው። አፈሩን ወደ እነሱ ላቦራቶሪ ማምጣትም እንደ መረጃ ቀላል አይደለም፦ አፈር ወደ አውስትራሊያ የሚገባው በባዮሴኪዩሪቲ (ተባይና በሽታ እንዳይገባ በሚደረግ ቁጥጥር) ፈቃድና በተፈቀደ ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን ሙከራ እዚያው በአገሩ አፈርና በግሪን ሃውስ አስቀምጠው የኢትዮጵያውን እንደ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ በተባባሪ ተቋም በኩል የሚሠራ አድርገው ይጻፉት። እንዲህ ሲያደርጉ አንባቢው የሚያየው አስቦ የመጣ ሰው ነው።

ወደ ሰነዶቹ ስንመጣ፣ ትራንስክሪፕትዎን ሲያስቃኙ ጀርባውንም ያስቃኙ። የነጥብ አሰጣጡ ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ያለ እሱ 3.74 ከስንት እንደሆነና ኤ (A) ስንት እንደሚያዝ አያውቁም። ከዚህ የሚከብደው የማስተርስ ጥናቱ ክብደት ነው። በአገራችን ብዙ ፕሮግራሞች ቴሲሱ 6 ክሬዲት ብቻ ሆኖ ይጻፋል፤ ዓመት ሙሉ የፈጀ ሥራ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሁለት ኮርስ ያህል መስሎ ይታያል። የአውስትራሊያ ገምጋሚ ደግሞ ዋናው ጥያቄው «ይህ ሰው ምን ያህል ምርምር ሠርቷል?» የሚል ነው። ስለዚህ ከድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ አንድ ደብዳቤ ያጽፉ፦ ጥናቱ በሙሉ ጊዜ ስንት ወር እንደፈጀ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ የውጭ ፈታኝ እንደነበረው፣ ምን ውጤት እንዳገኘ የሚናገር፣ ማኅተም ያለበት። ይህች አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረጃዎን ከፍ ታደርጋለች፤ የሚያያይዛት ግን ጥቂት ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎት ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ሬጅስትራሩ ጉዳዩን እንዲጨርሱ ይጠይቅዎታል፤ ይህን ለመዝጊያው ሳምንት አያቆዩት።

ስምና የልደት ቀን ላይ ይጠንቀቁ። በፓስፖርትዎ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ በዲግሪው ላይ ካለው ከተለየ፣ ቅጹን በፓስፖርቱ ሞልተው ልዩነቱን በአንድ አጭር ደብዳቤ ያብራሩ። የልደት ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰነድ ላይ በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ተገልብጦ ይገኛል። መስከረም 1 ቀን 1985 ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው፤ በአንዱ ወረቀት 1985፣ በሌላው 1992 ከሆነ ሁለት ሰው ይመስላል።

አይኤልትስ አካዳሚክ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በተለምዶ አጠቃላይ 6.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ከ6.0 ያላነሰ ይጠየቃል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ መማርን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉም የማይቀበሉም አሉ፤ የሚያመለክቱበትን ገጽ ያንብቡ፤ ጥርጣሬ ካለ ይፈተኑ።

የሪኮመንዴሽን ነገር ብዙ ጥሩ ፋይል ያበላሻል። በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለመካሪዎችዎ (ደብዳቤውን ለሚጽፉልዎ መምህራን) በኢሜይል ሊንክ ይልካል፤ ያ ኢሜይል አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲቀር ማመልከቻዎ ሳይሟላ ይዘጋል። የመካሪዎችዎን የተቋም ኢሜይል ይስጡ። በግል ኢሜይል የመጣ ደብዳቤ በአንዳንዶቹ ዘንድ አይታመንም። ማመልከቻውን በላኩ ዕለት ደውለው «ዶክተር፣ ሊንክ ደርሶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሲቪዎን፣ ፕሮፖዛሉንና የጥናትዎን ግኝት በአንድ ገጽ ጽፈው አስቀድመው ይስጧቸው። የደብዳቤውን ረቂቅ ራስዎ ጽፈው ለሁለት መካሪዎች የሚሰጡ ከሆነ ግን ሁለቱ ደብዳቤዎች ቃል በቃል ተመሳስለው ይመጣሉ፤ ይህ ለአመልካችም ለመምህሩም ውርደት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ለመጀመር የውጭ አመልካቾች ዋና ዙር በአብዛኞቹ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ይዘጋል፤ ከአገሬው ተማሪዎች ዙር ቀድሞ የሚዘጋም አለ። ስለዚህ ኢሜይል መላክ በፌብሩዋሪና በማርች ይጀመር። የመዝጊያ ሰዓቱ የእነሱ ነው። ሜልበርን በፈረንጆቹ ሰዓት «ሌሊት 11፡59» (11:59 PM) ካለች እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 10፡59 ነው፤ ከኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ከቀኑ 9፡59 ይሆናል። ፐርዝ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ለእኛ ምሽት 12፡59 ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ካርድዎ ውጭ አገር የማይሠራ ከሆነ ይህን ከመዝጊያው ሁለት ሳምንት በፊት ይፍቱት። ለስኮላርሺፑ ራሱ ግን ማንም ገንዘብ አይጠይቅም። «በውስጥ ሰው አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላ የሚሸጥልዎ ነገር የለውም፤ ለምርምር ዲግሪ ኤጀንት አያስፈልግም።

ሲሳካ የሚመጣውን ደብዳቤ ቀስ ብለው ያንብቡ። አርቲፒ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የትምህርት ክፍያ መሸፈኛ፣ የኑሮ አበል (ስቲፔንድ) እና ተጨማሪ ድጎማዎች። ሦስቱም አብረው ላይመጡ ይችላሉ። ስቲፔንድ ያለ ክፍያ መሸፈኛ ከተሰጠዎ ስኮላርሺፕ አገኘሁ ብለው አይደሰቱ፤ በሳይንስ መስኮች የውጭ ተማሪ ክፍያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ40 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ይበልጣል። ዝቅተኛው የሙሉ ጊዜ ስቲፔንድ በ2025 33,511 ዶላር ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ 1,289 ገደማ ይደርስ ነበር፤ ግብር የለበትም፤ በየዓመቱም ይስተካከላል። ለዶክትሬት የሚሰጠው ቢያንስ 3 ዓመት፣ ቢበዛ 4 ዓመት ነው፤ ብዙዎች 3 ዓመት ተኩል ያደርጉታል። ከዩኒቨርሲቲዎ በትምህርት ፈቃድ ሄደው ደመወዝዎ ቢቀጥል ችግር የለውም፦ ለዚያው ጥናት የሚከፈል ሌላ ገቢ ከስቲፔንዱ 75 በመቶ ካልበለጠ ይፈቀዳል፤ የእኛ ደመወዝ ወደዚያ አይጠጋም። ነገር ግን ከመሄድዎ በፊት የሚፈርሙትን የግዴታ ውል ያንብቡ፤ ጥናቱ 3 ዓመት ተኩል ከሆነ ፈቃዱም ያንን ያህል መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ይችላሉ። የተማሪ ቪዛው 500 የሚባለው ዓይነት ሲሆን ከጁላይ 2025 ጀምሮ የዋና አመልካቹ ክፍያ 2,000 ዶላር ነው፤ ለባለቤትዎና ለልጁም ለብቻ ይከፈላል። የዶክትሬት ተማሪ ትምህርቱን ከጀመረ በኋላ በቪዛው በኩል የሥራ ሰዓት ገደብ የለበትም፤ ባለቤትዎም እንዲሁ። ስኮላርሺፑ ግን የራሱ ገደብ ስላለው ውሉን ይዩ። የሚከብደው ገንዘቡ ነው። የገንዘብ ማስረጃ ከተጠየቁ ከሜይ 2024 ጀምሮ የሚቆጠረው የአንድ ዓመት ኑሮ ለተማሪው 29,710፣ ለባለቤት 10,394፣ ለአንድ ልጅ 4,449 ዶላር ነው፤ ድምሩ 44,553። ስቲፔንዱ 33,511 ከሆነ የሚጎድለው 11,042 ነው፤ የአውሮፕላኑ ትኬት ለብቻ። የጤና ኢንሹራንሱም በብዙ ስኮላርሺፖች የሚሸፈነው ለተማሪው ብቻ ነው፤ የቤተሰቡን ልዩነት ራስዎ ይከፍላሉ፤ ቪዛው ሳይሰጥ ነው የሚጠየቀው። ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲደርስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ ከክልል ክልል ይለያያል፤ የፒኤችዲ ተማሪን ልጅ ከክፍያ ነፃ የሚያደርጉ ክልሎች ስላሉ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ይህንንም ይመልከቱ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልተቻለ፣ ብቻዎን ቀድመው ሄደው ከጥቂት ወራት በኋላ ቤተሰብዎን ማስመጣት ይሻላል። ታዲያ በመጀመሪያው የቪዛ ማመልከቻዎ ላይ፣ አብረው ባይሄዱም፣ ባለቤትዎንና ልጅዎን የግድ ይመዝግቡ። «ብቻዬን ብመስል ቪዛው ይቀልልኛል» ብለው ከተዉአቸው በኋላ የእርስዎ ጥገኛ ሆነው የሚመጡበትን በር ራስዎ ይዘጉታል። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቹን ከአሁኑ ከወሳኝ ኩነት አውጥተው ያስተርጉሙ፤ ስማቸው ከፓስፖርታቸው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙንም ያረጋግጡ።